የክብር ስንብት ለጋሽ ሰይድ

እኛ መግባት እንጂ መውጣት አናውቅበትም። አትቆጡኝ፣ ላስረዳ። ሰው ቤት እንግዳ ሆናችሁ ስትሄዱ ለመግባት የሚፈጀው ጊዜ ጫማ ከማውለቅ አይበልጥም። መውጣቱ ነው ሥራው። መጀመሪያ «በሉ እንግዲህ» ትላላችሁ፤ የሚሰማችሁ የለም። ቀጥሎ ጉልበታችሁን በሁለት እጃችሁ መታ መታ አድርጋችሁ ትነሳላችሁ፤ «ምነው፣ ምን አስቸኮላችሁ?» ትባሉና ትቀመጣላችሁ። ደግማችሁ ስትነሱ እንደምንም በሩ ጋ ትደርሳላችሁ፤ ሶፋው ላይ ተቀምጣችሁ ሳላችሁ ያልተነሳው ዋናው ወሬ የሚጀመረው ታዲያ እዚያ ነው። ከበሩ ወደ መኪናው፣ ከመኪናው በር ወደ መኪናው መስኮት። የሲያትል ካፊያ አናታችንን እያራሰ ማን እንዳገባ፣ ማን እንደፈታ፣ ማን ቤት እንደገዛና ባይገዛ ይሻለው እንደነበር እንሰማለን። እኔ በዕድሜዬ ቁም ነገር የሰማሁት ሁሉ ቁልፍ በእጄ ይዤ ቆሜ ነው።

ከሰው ቤት መውጣት እንዲህ ከከበደ ከኃላፊነት መውጣት ምን ያህል እንደሚከብድ እናንተው ገምቱ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይላል ያገሬ ሰው። ይህ ተረት ግን በስደት ላሉት ማኅበሮቻችን አይሠራም፤ የሚበላ ነገር የለም፣ የሚሻርም ሰው የለም። አንዴ ገንዘብ ያዥ የተባለ ሰው ልጆቹ አድገው፣ የልጅ ልጅ አይቶ፣ መነጽሩን ሦስት ጊዜ ቀይሮም ገንዘብ ያዥ ነው። ወይ ማኅበሩ ይፈርሳል፣ ወይ እሱ ይሞታል። ብዙውን ጊዜ ማኅበሩ ይቀድማል።

ይህን ሁሉ የማወራችሁ ስለ ጥንት የሮም ወታደሮች ልነግራችሁ አስቤ ነው። አዎ፣ ስለ ሮም ወታደሮች። ትንሽ ታገሱኝ፣ ነገሩ ይገናኛል።

ልጄ ሊዲያ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የምታጠናው የሮማውያንን ሕግ ነው። የሌላው ሰው ልጅ ተመርቆ ቤልቪው ካሉት የኮምፒውተር ቢሮዎች ሲገባ የኔዋ ከሞቱ ሁለት ሺህ ዓመት ከሆናቸው ሰዎች ጋር ገጠመች። ምን ሥራ ይገኝበታል ብዬ በጠየቅኋት ቁጥር «ዶንት ዎሪ፣ ዳድ» ትለኛለች። አለመጨነቅ እንዲህ ቀላል መሆኑን ማን አውቆ! ቅዳሜ ቅዳሜ ከዩኒቨርሲቲ ወደ ቤት ሳመጣት ግን የተማረችውን ትተርክልኛለች፤ እሷ በእንግሊዝኛ፣ እኔ በአማርኛ፣ ሮማውያኑ ከመሀል። እኔ አውቶቡስ ነጂ ነኝ፤ ዓይኔን ከመንገዱ ሳልነቅል ሰው ሲያወራ መስማት እንጀራዬ ነው።

አንድ ቅዳሜ ስለ ወታደሮቹ መብት አነሳች። እዚያ አገር አባቱ በሕይወት ያለ ወንድ ልጅ፣ ጢሙ ቢሸብት እንኳ፣ ያፈራው ሀብት ሁሉ በሕግ የአባቱ ነበር አለችኝ። ይህ ሕግ በጣም ደስ እንዳለኝ ነገርኳት። «ኦፍ ኮርስ» አለችና ቀጠለች። ልጁ ወታደር ከሆነ ግን በውትድርና ያገኘው የራሱ ነው፤ አባትየው እጁን አያስገባበትም። ኑዛዜም ቢሆን ሌላው ሰው ምስክር ሰብስቦ ሥርዓቱን ጠብቆ ካልተናዘዘ አይጸናለትም፤ ወታደሩ ግን እንደተመቸው በቃሉ ቢናገር ይጸናለታል። ይህን ሁሉ የፈቀደለት ሕግ አንድ ነገር ከለከለው፤ ማግባት። ለረጅም ዘመን ወታደር በአገልግሎት ላይ እያለ በሕግ ሚስት ሊኖረው አይችልም ነበር። አብራው የምትኖር ሴት ብትኖር፣ ልጆችም ቢወልዱ፣ ሕጉ አያያቸውም። ከሌላ አገር ሕዝብ ተመልምሎ የገባው ወታደር ደግሞ ሃያ አምስት ዓመት አገልግሎ ሲሰናበት ነው ዜግነትና በሕግ የማግባት መብት የሚያገኘው፤ እሱም ነሐስ ላይ ተቀርጾ ይሰጠዋል። ዜግነት ለማግኘት ሃያ አምስት ዓመት መባሉን ስሰማ ከኛም ውስጥ ከዚያ ብዙም ያላነሰ የጠበቀ አለ ብዬ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም፤ ትምህርቷን አክባሪ ናት።

ስንብቱ ሦስት ዓይነት ነው አለችኝ። ዘመኑን ጨርሶ በሰላም የሚወጣ የክብር ስንብት ያገኛል። ሐኪም አይቶት ከእንግዲህ አይችልም የተባለ የሕመም ስንብት ያገኛል። አጥፍቶ የተባረረው ደግሞ የውርደት ስንብት ይከናነባል፤ ይኸኛው ሮም ከተማ ውስጥ መኖር አይፈቀድለትም። እኔም መሪዬን ይዤ የኛ እድር ስንት ዓይነት ስንብት እንዳለው አሰብኩ። አንድ ዓይነት ነው። እሱንም የተሰናበተው ሰውዬ ለቀብሩ የመጣውን ሕዝብ አያየውም።

እንግዲህ ወደ እድራችን መጣን። የመሠረቱት ወሎዬዎች ናቸው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም እንደ አገሩ ወግ አንድ ላይ የሚቀበርበት፣ ማለቴ አንድ ላይ የሚተዛዘንበት እድር ነው። እኔ ጸሐፊ ነኝ። ሊቀ መንበሩ ኢንጅነር ተፈራ ነው፤ ሲያትል ከገባን ጀምሮ ጓደኛዬ፣ ቤልቪው የሚሠራ፣ ዓረፍተ ነገሩን ሁሉ በ«ሶ» የሚጀምር ደግ ሰው። እድሩን ተሸክሞ ያቆመው ግን እኔም አይደለሁ፣ ተፈራም አይደለ። ጋሽ ሰይድ ናቸው።

ጋሽ ሰይድ የንብረት ኃላፊያችን ናቸው። ዋይት ሴንተር ያለው ቤታቸው ጋራዥ መኪና ገብቶበት አያውቅም፤ የእድሩ ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ ድንኳን፣ ፔርሙስና ብረት ድስት እስከ ጣራው ሞልቶታል። ድስቶቹ እጀታቸው ላይ ቀለም ተቀብተዋል፤ አረንጓዴው የእስላም፣ ቀዩ የክርስቲያን። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድም ቀን ተደባልቀው አያውቁም፤ ስለዚህ ሼኩም ቄሱም በእኩል ዓይን የሚያምኗቸው ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። ከኛ መካከል ሰው ሲሞት መጀመሪያ ኮል የሚደረገው ለጋሽ ሰይድ ነው። ቀብር አስፈጻሚው ሁለተኛ ነው። አገር ቤት ያሉ ዘመዶች ይነገራቸው አይነገራቸው የሚመከረው ወንበሩ ከደረሰ በኋላ ነው።

ኃላፊነቱ እንዴት እሳቸው ላይ እንደወደቀ የሚያውቅ ሁሉ አንድ ዓይነት ታሪክ ነው የሚነግራችሁ። እድሩ ሲመሠረት ወንበር ተገዛ፤ ማስቀመጫ ጠፋ፤ አንዱ ተነስቶ «ለጊዜው ሰይድ ጋ ይቀመጥ» አለ። በአማርኛ ውስጥ እንደ «ለጊዜው» ረጅም ዕድሜ ያለው ነገር አላየሁም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። እኛ ተረቱን በትክክል ሥራ ላይ አውለነው ጌጡን ለሃምሳችን፣ ሸክሙን ለጋሽ ሰይድ ሰጠን።

አንድ ቀን ታዲያ ጋሽ ሰይድ ማውንት ቤከር ፌርማታ ላይ አውቶቡሴ ውስጥ ገቡ። ከፊት ወንበር ተቀመጡ። የሚወርዱበት ሲደርስ አልወረዱም። ነጂ ማናገር ነውር ነው ብለው ስለሚያምኑ ስነዳ ዝም ይላሉ፤ መብራት ሲይዘኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ይናገራሉ። አረንጓዴ ሲበራ ያቆማሉ። ነገሩን እስከ መጨረሻው ለመስማት መስመሩን እስከ መጨረሻው መንዳት ነበረብኝ።

በአንደኛው መብራት ደክሞኛል አሉ። በሁለተኛው ሰው አግኝቻለሁ አሉ። ሚስታቸው ካረፉ ብዙ ዘመን ሆኗል፤ ልጅም የላቸውም። ያገኟቸው ሰው ወይዘሮ ዘሀራ ናቸው፤ እዚያው ዋይት ሴንተር ልብስ የሚሰፉ፣ ባላቸው የሞተባቸው፣ ትንሽ የሚናገሩና የተናገሩት የሚጸና ሴት። ጋሽ ሰይድ የእድሩን የጠረጴዛ ልብስ ሊያስጠልፉ ይዘው ሄደው ነው የተዋወቁት። እንደነገሩኝ ከዚያ በኋላ ያ የጠረጴዛ ልብስ ብዙ ጊዜ ተቀዷል።

በሦስተኛው መብራት መጣ ጉዱ። ወይዘሮ ዘሀራ ጋብቻውን ወደውታል፤ አንድ ቅድመ ሁኔታ ግን አላቸው። ቤቱን ሊያዩ ሄደው ጋራዡን ከፈቱ፤ ወንበር። የመኝታ ቤቱን ቁም ሣጥን ከፈቱ፤ የድንኳን ብረት። ከዚያ ዞር ብለው «ይህን ሁሉ ወንበር ይዘው እኔን የት ሊያስቀምጡኝ ነው?» አሏቸው። ደግሞም ሰው በሞተ ቁጥር ከጎናቸው ተነስቶ የሚሄድ ባል እንደማይፈልጉ፣ አንዴ ባል ቀብረው ሁለተኛውን ለቀብር እንደማያውሱ አስረዷቸው። እድሩ ካልለቀቀዎት ኒካሁ ይቅር አሉ።

«ሪዛይን ላደርግ ነው» አሉኝ ጋሽ ሰይድ። «አንተ ጸሐፊ ነህ፣ አንደበት አለህ። ለጉባኤው አንተ አስረዳልኝ። የሷን ነገር ግን እንዳታነሳ፤ ወላሂ አፍራለሁ። በስተርጅና ሚስት አማረው ይሉኛል።»

እኔም ደረቴን ነፋሁ። ምክንያቱም የሮም ሕግ በልጄ በኩል እጄ ገብቷል። ያን ሁሉ ቅዳሜ በነጻ የተማርኩት ለዚህ ቀን ይሆናል ብዬ የክብር ስንብት ንግግር አዘጋጀሁ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት እንግዲህ ይህ ነው።

ጉባኤው ማውንት ቤከር አጠገብ በተከራየነው አዳራሽ ተሰበሰበ። ወንበሩን ያመጡትና የደረደሩት ጋሽ ሰይድ ናቸው። እኔ ተነሳሁና ከሮም ጀመርኩ። የወታደሩን ልፋት፣ የአገልግሎቱን ርዝመት፣ ዘመኑን የጨረሰ ሰው በክብር የሚሸኝበትን ሥርዓት ተረክሁ። ከዚያ ጋሽ ሰይድን አነሳሁ። ዝናብ ሳይሉ፣ በረዶ ሳይሉ፣ ከሥራ መልስ ሳይቀመጡ፣ የማንንም ለቅሶ ከማንም ሳያሳንሱ እንዴት እንዳገለገሉን ዘረዘርኩ። አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት መጽሐፍ አጠበች ይሉ የለ፤ እኔም ሕዝቡ ጸጥ ባለልኝ ቁጥር እየጨመርኩ፣ እየጨመርኩ ሄድኩ። በመጨረሻ እኚህን ሰው በክብር እናሰናብት አልኩና ተቀመጥኩ።

የረሳሁት አንድ ትንሽ ነገር ነበር። ሮማዊው «ልሰናበት» ሲል መሰናበት ፈልጎ ነው። የኛ ሰው «ልልቀቅ» ሲል ግን እንዲለመን ነው ተብሎ ነው የሚታመነው። ጨዋ ሰው በየዓመቱ አንዴ «በቃኝ» ማለት አለበት፤ ጨዋ ጉባኤ ደግሞ «አይበቃዎትም» ማለት አለበት። አንዱ ልቀቁኝ ሲል እሺ ብሎ የሚለቅ እድር ባለጌ እድር ነው። እኔ ደግሞ ሰውየውን እንደዚያ አድርጌ አሞግሼ አሰናብቱ ማለቴ ሙክቱን አስብቶና አሳምሮ አቅርቦ አትብሉ እንደ ማለት ሆነ።

ተፈራ ተነሳ። «ሶ፣ ይህን ሁሉ ሰምተን እንዲህ ያለውን ሰው ሪዛይን እንዲያደርግ ብንፈቅድ ሰው ነን?» አለ።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ከኋላ እልል ያሉም ነበሩ። ወዲያው ጋሽ ሰይድ የዕድሜ ልክ የንብረት ኃላፊ ተብለው ተሾሙ፤ ለውለታቸውም ስጦታ ተወሰነላቸው። ስጦታው ሁለተኛ ድንኳን ነው። የሚቀመጠው እሳቸው ጋ ነው።

ጋሽ ሰይድ ተነሱ። እኔ በልቤ ይናገሩ፣ አሁን ይናገሩ፣ ሚስት ላገባ ነው ይበሉ እላለሁ። ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። ወደ ሕዝቡ አዩ፤ ወደ ጣራው አዩ። «አላህ ያክብርልኝ» አሉና ተቀመጡ። ይሉኝታ የጨረሰውን ሰው ጦር አልጨረሰውም።

እንደሽንፈት ቆጠርኩት፤ ነገር ግን ተስፋ አልቆረጥኩም። ገና ሁለት ዓይነት ስንብት ይቀረናል። ወሩን ቆይተው ጋሽ ሰይድ ወገባቸውን ያዙ። እውነት ለመናገር ወገባቸው ድሮም ያማቸው ነበር፤ አሁን ብቻ ነው የተናገሩት። የሆነውን ልንገራችሁ። እመጫት እንኳ እንደዚያ አልተጠየቀችም። ምግቡ ጎረፈ፤ በአረንጓዴም በቀይም ድስት። አንዷ አባላችን ፊዚዮቴራፒስት ናት፤ ከሥራ ስትወጣ እየመጣች ታሻቸው ጀመር። ከወር በኋላ የጋሽ ሰይድ ወገብ ከሠላሳ ዓመት በፊት ከነበረው ወገብ የተሻለ ሆነ፤ የሕመም ስንብቱም በዚያው ቀረ።

ቀጥሎ የቀረን የውርደት ነው። በዚህ ላይ ብዙ ተከራከርን፤ ምክንያቱም ጋሽ ሰይድ ውርደት አያውቁበትም። ለቅሶ ላይ አርፍደው ይድረሱ ብላቸው ተቆጡኝ፤ የሞተ ሰው ምን አደረገኝ አሉ። ድስቶቹን ይደባልቁ ማለትማ ለራሴም አልታየኝም። በመጨረሻ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ከኛ ተገንጥሎ የወጣ ሌላ እድር አለ። የተለያየንበትን ምክንያት ዛሬ የሚያስታውስ የለም፤ መለያየታችንን ግን ሁሉም በደንብ ያስታውሳል፤ መንገድ ላይ ሰላምታ እንኳ የለንም። እንግዲህ የእድሩን ወንበር ያለ ፈቃድ አውጥተው ለነሱ ሰርግ ቢያውሱ ከዚህ የበለጠ ክህደት አይገኝም። ሕዝቡ ይነሳል፣ ይጮሃል፣ ያባርራቸዋል። ጋሽ ሰይድ ከእኔ ጋር ሄደው ወንበሩን አራገፉ። ከመሄዳችን በፊት ሁለት ጊዜ ቆጠሩት።

ያኞቹ የሰርጋቸው ወንበር የኛ መሆኑን ሲያዩ አለቀሱ። እውነቴን ነው። ሽማግሌ ሰብስበው፣ ይቅርታ ይዘው ወደ ተፈራ መጡ። ተፈራም አለቀሰ። በስንት ዓመት ሊሆን ያልቻለው እርቅ በሳምንት ተፈጸመ፤ ሁለቱ እድሮች ተዋሐዱ፤ የሁለቱም ጉባኤ በአንድ ድምፅ የእርቁ አባት ጋሽ ሰይድ ናቸው አለ። የነሱ እድር ደግሞ ወንበር አለው። ድስትም አለው። የት ይቀመጥ ሲባል ሁሉም ዞሮ ጋሽ ሰይድን አየ። ሳሎናቸው ሞላ።

ወሬውን ለወይዘሮ ዘሀራ የነገርኩት እኔ ነኝ። ጋሽ ሰይድ አልችልም አሉኝ፤ የወይዘሮዋ ሱቅ በር ላይ መኪና ውስጥ አንገታቸውን ደፍተው ቀሩ። ወይዘሮ ዘሀራ ስፌታቸውን ሳያቆሙ ሰሙኝ። ሮምን ሳነሳ ብቻ ቀና ብለው አዩኝና መልሰው አቀረቀሩ። ስጨርስ ክሩን በጥርሳቸው በጠሱት። የሚቀጥለው ስብሰባ መቼ ነው አሉኝ። ነገርኳቸው። መርፌያቸው ላይ አዲስ ክር አስገቡ፤ እኔም ነገሩ በቃ ተበላሽቷል ብዬ ወጣሁ።

በስብሰባው ቀን የሁለቱ እድር ሰው አዳራሹን ሞልቶት ሳለ ወይዘሮ ዘሀራ ገቡ። ከግድግዳው ተጠግተው ጥቂት ቆሙ። ተፈራ ጨዋ ነውና አዲስ አባል መስለውት እንኳን ደህና መጡ አላቸው። እሳቸው አባል ለመሆን እንዳልመጡ፣ ጥሪ ሊያደርሱ እንደመጡ ተናገሩ።

«ሰርጌ ላይ ሁላችሁም ተጠርታችኋል» አሉ። «ሙሽራው ሰይድ ናቸው። አንድ ነገር ብቻ ቸግሮኝ ነው። ወንበር የሚያመጣልን ማን ነው? ሙሽራ በሰርጉ ቀን ወንበር ሲሸከም አላየሁም።»

 እነዚያን ሁሉ ዓመታት ማንም ጠይቆት የማያውቅ ጥያቄ ነበር። ወይዘሮ ዘሀራ ልቀቁልኝ አላሉም እኮ። ቢሉማ ኖሮ እሳቸውንም እንለምናቸው ነበር፤ መለመን እናውቅበታለን። የተጠየቅነው ወንበር ማን ያመጣል ብቻ ነው፤ ለዚህ መልስ ያለው ሰው ጠፋ። ጋሽ ሰይድ የጫማቸውን ጫፍ እያዩ ላብ አጠመቃቸው። ከዚያ አንዲት ሴት እልል አለች፤ ሌላዋ ተቀበለቻት፤ ሽማግሌዎቹ «ምነው ሳይነግሩን፣ ምነው ጋሼ» እያሉ ተራ በተራ ትከሻቸውን ሳሟቸው። ተፈራም ዓይኑን እየጠረገ በክብር አሰናበታቸው። የሮም ሕግ ያልቻለውን የሰርግ ጥሪ ቻለው።

እዚህ ላይ ብጨርስ ደስ ይለኝ ነበር።

የተሰናበተ ሰው ካለ የሚተካ ሰው መኖር አለበት። ተፈራ አዳራሹን ቃኘ፤ ሁሉም አቀረቀረ። እኔ ብቻ፣ ሞኝ፣ ቀና ብዬ እስቅ ነበር። «ሶ፣ ስለ አገልግሎት እንደ ጸሐፊያችን የገባው ሰው የለም» አለ። ተነሳሁ። አልችልም አልኩ። አውቶቡስ ነጂ ነኝ፣ ፈረቃዬ አይመችም፣ ወገቤን ያመኛል፣ ድስት መለየት አልችልም አልኩ። ከልቤ ነበር። አንዷ እናት ለጎረቤታቸው «አየሽ ትሕትናውን?» ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ። ጭብጨባው እስኪያልቅ ቆሜ ጠበቅሁ።

በሳምንቱ የባለቤቴ መኪና ከጋራዥ ወጥታ ዝናብ ላይ አደረች። ባለቤቴ ምንም አላለችኝም፤ ያላለችኝን እስከ ዛሬ እየሰማሁት ነው። ሊዲያ ቅዳሜ መጥታ ጋራዡን ከፈተችና እስከ ጣራው የተከመረውን አየች። «ትዌንቲ ፋይቭ ዪርስ፣ ዳድ» ብላ ጀርባዬን መታ መታ አደረገችኝ።

ሰርጉ አማረ። ጋሽ ሰይድ የሙሽራው ወንበር ላይ ተቀምጠው ዓይናቸው በር በር ይላል፤ ቆመው የቀሩ እንግዶችን ባዩ ቁጥር ብድግ ሊሉ ሲቃጣቸው ወይዘሮ ዘሀራ የኮታቸውን ጫፍ ጨበጥ ያደርጉታል። እኔ ከበሩ አጠገብ ሆኜ ነው ይህን ያየሁት። ወጡ እኔ ጋ ሲደርስ በርዶ ነበር።

ከሰርጉ ብዙም ሳይቆይ ተፈራ ሞተ።

ልቡ ነው አሉ። ቢሮው ውስጥ፣ ምሳ ሰዓት ላይ። ከተፈራ ጋር ሲያትል እንደገባን አንዲት ክፍል ተከራይተን ኖረናል፤ ለሁለታችን አንድ ወፍራም ጃኬት ነበረን፤ ጠዋት እሱ ይለብሰዋል፣ ማታ ፈረቃ ስገባ እኔ። ስንገናኝ ጃኬቱ ገና የሰውነቱ ሙቀት አለው። ሞቱን በስልክ የነገረኝ ሰው ግን ለጓደኛው አልነበረም የደወለው። «ተፈራ አረፈ» አለኝ፤ ትንፋሽ ሳይወስድም «ወንበሩ እስከ ማታ ይደርሳል አይደል?» አለኝ። ይደርሳል አልኩት። ሌላ ምን ይባላል?

የተፈራ ቤት በሰው ተጨናንቆ ሳለ ጋሽ ሰይድና ወይዘሮ ዘሀራ መጡ። ጋሽ ሰይድ ለቅሶ ቤት ባዶ እጃቸውን ሲገቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን አየኋቸው። በሩ ላይ ቆሙ፤ እጃቸውን የሚያደርጉበት አጡ። የደረደርኩትን አንድ በአንድ አዩት። አንድ ወንበር ዘርግቼ «ይቀመጡ፣ ጋሼ» አልኳቸው። ወንበሩን በመዳፋቸው ዳበስ አድርገው ተቀመጡ።

ትንሽ ቆይቶ አለቀሱ። እንደ ሽማግሌ በመሐረብ ሸፈን አድርገው አይደለም። ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ፣ ድምፅ አውጥተው፣ ያዙኝ ልቀቁኝ ብለው አለቀሱ። የተፈራ ቤተሰቦች እንኳ ዞረው አዩዋቸው። ያላወቃቸው ሰው የሥጋ ዘመድ ናቸው እንዴ ብሎ ተንሾካሾከ። አንዱ ሊያባብል ሲጠጋ ወይዘሮ ዘሀራ በእጃቸው መለሱት።

«ተዉዋቸው» አሉ ቀስ ብለው። «የፊተኛይቱ ሚስታቸው የሞተች ቀን እንኳ ወንበር ሲደረድሩ ነው የዋሉት።»

እኔ ከነበርኩበት ሆኜ ይህን ሰማሁ። ከጎናቸው ሄጄ ቁጭ ብል፣ ስለዚያ ጃኬት ብነግራቸው፣ አብሬያቸው ባለቅስ አማረኝ። አንድ ክፍት ቦታ ከጎናቸው ነበር። ልሄድ ስል ግን በር ላይ አዲስ የመጡ ሰዎች ተደርድረው ቆመዋል፤ የፊተኛው ዓይኔን ፈልጎ አገኘኝና በጣቱ ወደ መሬት አመለከተኝ፤ መቀመጫ ማለቱ ነው። እሺ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁና ሌላ ወንበር ላመጣ ወደ መኪናው ወጣሁ።

ለተፈራ እስካሁን አላለቀስኩም። ስሰናበት አለቅስለታለሁ።